የጓሳ ገመድና አረንጓዴዋ መብራት

ቤታችን መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ላይ ነው፤ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት። ትልቁ የአባቴ ነው። ትንሿ፣ ድሮ የገብስ ማስቀመጫ የነበረችው፣ አሁን መኝታዬም መማሪያ ክፍሌም ሆናለች። ሒሳብ አስተምራለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ብቻቸውን ትቼ አዲስ አበባ መመለስ አልሆነልኝም። ትምህርት ቤቴን ለመንኩ፤ እነሱም እዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት እንዳስተምር ፈቀዱልኝ።

የስልኩ መስመር የሚገባው በአባቴ ቤት ስለሆነ ራውተሩ እሳቸው ዘንድ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። የእኛ አገር የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ብርድ ብቻ ሳይሆን ዋይፋይም አያሳልፍም። ስለዚህ ረጅም ኬብል ገዝቼ በመስኮት አወጣሁና ግቢውን አሻግሬ ክፍሌ አስገባሁት። መሐሉ ላይ ረገብ ብሎ በጎቹ ይታከኩበት ጀመር። አባቴ “ለእኔ ተይው” ብለው፣ ኬብሉን ወገቡ ላይ ከጓሳ ሣር በተገመደ ገመድ ጠፍረው፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ከአጥሩ ቋሚ ጋር ወጥረው አሰሩልኝ። አመስግኜ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ጠዋት መቋረጥ መጣ። ስለ ሦስት ማዕዘን እያስረዳሁ ድርቅ እላለሁ። ተማሪዎቼ አፌን እንደከፈትኩ የቀረሁበትን ፎቶ አንስተው እርስ በርስ እንደሚላላኩ በኋላ ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያስቃል። ወደ አባቴ ቤት ሮጬ ስሄድ ኬብሉ የተሰካባት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፍታለች። ወደ እኩለ ቀን ግን ማንም ሳይነካት ራሷ ትበራለች፤ ምንም እንዳላደረገ ሰው ትኩር ብላ ታየኛለች።

ያልሞከርኩት የለም። አጥፍቼ አበራሁ። ራውተሩ አራት ቀዳዳ አለው፤ ኬብሉን ከአንዱ እየነቀልኩ ሌላው ላይ ሰካሁ። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚጠግን የትምህርት ቤት ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ራውተሩ አርጅቶ ይሆናል ብሎ የራሱን በሚኒባስ ላከልኝ። የተላከውም ከእኛው ጋር የተማከረ ይመስል ጠዋት ይጠፋል፣ ቀን ይበራል። የኬብሉን ሶኬት ቀዳዳው ውስጥ አጥብቃ የምትይዘው ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ መሰበሯን አይቻለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ ስሰካው እሺ ብሎ ስለሚሠራ ንቄ ተውኩት።

አባቴ የታመመች በግ የሚጠይቁ ይመስል በየማለዳው ራውተሩ ፊት ጎንበስ ይላሉ። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥተው “ዓይኗን ገልጣለች” ወይም “ዛሬም ተኝታለች” ብለው ያውጁልኛል።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ደወሉ። በትሕትና ነው የተናገሩት፤ ወላጆች ማጉረምረም ጀምረዋል፣ የሰኞው ትምህርት የፈተና ክለሳ ነው፣ እሱም ከተቋረጠ አዲስ አበባ ተመልሼ በአካል ማስተማር ይኖርብኛል። ማታ እራት ላይ ለአባቴ እንደ ቀላል ወሬ አድርጌ ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ ቀላል ወሬ ሰሙኝ። እጃቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ግቢ ወጡ። በጎቹን ሊያዩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሣሩ ከሚታጨድበት ከጓሳው ሜዳ በኩል የመጣ ጭጋግ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ትምህርቱ ገና ሲጋጋል መስመሩ ጥፍት አለ። በስልኬ ለተማሪዎቼ አጭር መልእክት ልኬ “ቁጥር ሦስትን ሥሩ” አልኳቸውና ወጣሁ። አባቴ በመስኮታቸው ራውተሩን እያዩ ቆመዋል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ግን በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም። ኬብሉን ከክፍሌ ጀምሬ በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። ገመዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። በጭጋጉ ርሶ ክርር ብሏል። ኬብሉን ወደ አባቴ መስኮት ገፋ አደረግኩት።

“በራች” አሉ አባቴ ከውስጥ።

ለቀቅኩት።

“ጠፋች።”

ደግሜ ገፋሁት።

“በራች። ምን አደረግሽ?”

ሳቄ መጣ። የጓሳ ገመድ ሲርስ እንደሚያጥር፣ ፀሐይ ሲመታው እንደሚላላ እዚህ ሕፃን ያውቃል። ዝናብ ሲመጣ የጥጃውን ማሰሪያ አላላ ማድረግ ያስተማሩኝ ራሳቸው አባቴ ናቸው። ታዲያ ኬብልን ማን እንደ ጥጃ ያስበዋል? ጭጋግ በመጣ ቁጥር ገመዱ ያንን ምላስ የለሽ ሶኬት ከቀዳዳው ሳብ እያደረገ፣ ፀሐይ ሲወጣ እየመለሰ ሲያጫውተኝ ከርሟል። እኔም ቤት ውስጥ ራውተር አማርጣለሁ።

“አባዬ፣ ይሄ ገመድ መፈታት አለበት” አልኳቸው።

ወጥተው መጡ። ቋጠሮውን ነኩት እንጂ አልፈቱትም። እኔ ካሰብኩት በላይ ጠብቋል፤ አዲስ ዙርም ተጨምሮበታል።

“ትናንትም ከትናንት ወዲያም አጠበቅሁት” አሉ ቋጠሮውን እያዩ። “መስመሩ እንዳይቋረጥ፣ እንዳትሄጂብኝ ብዬ እኮ ነው።”

አባቴ ቆዪልኝ ብለውኝ አያውቁም። እንደመሰለሽ አድርጊ ነበር የሚሉኝ፤ እኔም ብሄድም ብቀርም ለእሳቸው አንድ ይመስለኝ ነበር። ሳቄን ትቼ ቋጠሮውን ያዝኩ።

የረጠበው ቋጠሮ በጣት አልፈታ አለ። አባቴ ማጭዳቸውን አመጡ። የገመዱ ሣር የታጨደው የጓሳው ሜዳ ስንት ዓመት ማንም እንዳያጭደው ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሽማግሌዎች ሲከፍቱት ነው። እሳቸው እንዲህ ያለ ገመድ ቢያረጅ እንኳ ይቀጥሉታል እንጂ ሲቆርጡ አይቼ አላውቅም። አንዴ አዩት፤ ቆረጡት። ከዚያ ገብተው ሶኬቱን በአውራ ጣታቸው ጠቅ አደረጉና “በራች፣ ግቢ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል” አሉኝ።

ተማሪዎቼ ቁጥር ሦስትን ጨርሰው ነበር። ቁጥር አራትን ልጀምር ስል በትንሿ መስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ገመዱ ስለተቆረጠ ኬብሉ ረግቧል፤ በጎቹም ሊታከኩበት ሥሩ ተሰብስበዋል። አባቴ ጭጋጉ መሐል ቆመው ኬብሉን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘውታል። ክለሳው እስኪያልቅ አላወረዱትም።