በወንድሜ መዳፍ የገባው ዘይት

ባለፈው ሳምንት የቆሻሻ መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ ሳለ አንዱ ቱቦው ፈነዳ። ትኩስ ዘይት አስፋልቱ ላይ ተረጨ፤ ሽታው እስከ ሳሎን ገባ። ልጆቼ ለማየት ወደ በሩ ሲሮጡ «ራቁ!» ብዬ ጮህኩ። ትልቁ «ማም፣ ቺል!» አለኝ፤ ተረጋጊ ማለቱ ነው። አልፈረድኩበትም። ያንን ሽታ አያውቀውም።

እኔ የማውቀው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከነበረው ቤታችን ጓሮ ነው። ልንገርሽ።

ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ። አጠገባችን ያለው ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ገና በአዳዲስ ቤቶች እየሞላ ነበር። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ታክሲ ይነዱ ነበር። በረዶ ሲጥል ደግሞ በአንዲት አሮጌ ትንሽ ትራክተር የሱቆችን ፓርኪንግ ይጠርጉ ነበር። ሠራተኛ ሰው ነበሩ፤ እጃቸው ግን ለዱላ ፈጣን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያንን እጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀምሶታል። አባባ ሲቆጡ ሳህን ይሰበራል፣ በር ይላተማል። እማዬ ደግሞ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮት ትዘጋለች። «ፖሊስ ከመጣ አባታችሁን ይወስዳቸዋል፤ የቤታችሁን ገመና ደብቁ» ትለን ነበር።

በትራክተሩ ፊት ያለው የበረዶ መግፊያ ብረት አቅጣጫውን እንዲቀይር ሲፈለግ፣ አባባ ወርደው የቀዘቀዘውን ፒን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ነበር የሚያዞሩት። ወንድሜ ይህን አይቶ ከአሮጌ ዕቃ ቦታ ቱቦ፣ ቫልቭና ሲሊንደር ለቃቀመ። ብረቱ በዘይት ግፊት እንዲዞር አድርጎ ገጣጠመው። ከመቀመጫው በስተቀኝ የትራክተሩን አካል በስቶ አንድ ማንሻ አሰረ፤ ሲገፋው ወደ ቀኝ፣ ሲስበው ወደ ግራ። ፈቃድ ግን አልጠየቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሞተሩ እየጮኸ፣ ወንድሜ ብረቱን ግራና ቀኝ እያዞረ ይስቅ ነበር። አባባ ከሥራ ገቡና የተበሳውን ትራክተር አዩ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ይዩት እስኪ፣ አባባ። ቁጭ ብለው ኮንትሮል ያደርጉታል።»

«በረዶ ሊጥል ነው እየተባለ እንጀራዬን በስተህ ትስቃለህ?»

«እርስዎ በመዶሻ ቀጥቅጠው ነው የሚያዞሩት» አለ ወንድሜ ወርዶ፤ «እኔ በጣቴ።»

ጥፊው ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማኝ። ሁለተኛውን ግን ወንድሜ አየር ላይ ያዘው። የአባቱን እጅ ጠመዘዘ። ተያይዘው ወደቁ፣ ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ደም አየሁ፤ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። እማዬ «በማርያም! በማርያም!» እያለች ወጣች። መጀመሪያ ያደረገችው የአጥሩን በር መዝጋት ነበር።

አባባ ሲነሱ መዶሻውን ይዘው ነበር። «እገድልሃለሁ!» አሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መዶሻው ግን ያረፈው በወንድሜ ራስ ላይ ሳይሆን በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ነበር። ደጋግመው መቱት። ዘይቱ እያፏጨ እንደ ጭጋግ ወጣ። ወንድሜ ሥራውን ለማዳን ዘሎ በመዳፉ ደፈነው።

የዚያን ጊዜ እንደጮኸው ሰው ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እጁን አየነው። መዳፉ ላይ የታየችው በመርፌ የተወጋች የምትመስል አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ደም እንኳን አልወጣውም። «ምንም አልሆነም» አሉ አባባ እያለከለኩ። «ምንም አልሆንኩም» አለ እሱም። እማዬ ጠበል አፍስሳበት በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ሆስፒታል ብንሄድስ?» አልኩ።

«ምን ልንል? አባቱ በመዶሻ ልንል?» አለች እማዬ። አባባም ወንድሜም ገላመጡኝ። ሲደባደቡ የነበሩት ሰዎች በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እጁ አበጠ፤ ቆዳው ግራጫ ሆነ። ጥርሱን ነክሶ በደህናው እጁ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር። አባባ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩ። ቁልፋቸውን አነሱ፣ ልጃቸውን ደግፈው ታክሲው ውስጥ አስገቡት።

ዴንቨር ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ የጠየቀው ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነና መቼ እንደገባ ነበር። ልተረጉም ስል አባባ ቀደሙኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «እኔ መታሁ። መዶሻ። እኔ» አሉ፤ ካቴና እንደሚጠብቅ ሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዶክተሩ እጃቸውን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገና ወንድሜን ይዞት ገባ።

ሐኪሞቹ መዳፉን ከእጁ አንጓ ጀምረው ሰነጠቁት፤ በግፊት ቆዳውን ወግቶ የገባው ዘይት ከውስጥ ሥጋውን እየገደለው ነበር። ትንሽ ብንቆይ እጁ ይቆረጥ ነበር ተባልን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ዛሬ ልጆቼን ሲያቅፍ ጀርባቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። አንዲት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ለብቻው አነጋግራው ነበር። የነገራትን እስካሁን አልነገረንም። አባባን ግን ማንም አልወሰዳቸውም።

አባባ በአፋቸው ይቅርታ አልጠየቁም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ሳይበሉ ጓሮ ወጡ። የተሰበረውን መጋጠሚያ ቀየሩ፤ ማንሻውን ከቀኝ ፈትተው በግራ በኩል ያስሩት ጀመር። ወንድሜ የተጎዳ ቀኝ እጁን በፋሻ አንጠልጥሎ ያዛቸዋል።

«አላጠበቁትም፣ አባባ።»

«እሺ።»

«አሁንም ላላ ነው።»

«እሺ፣ እሺ።»

ሞተሩን አስነሱና ቱቦዎቹን በካርቶን መፈተሽ ጀመሩ፤ የሚያፈስ ካለ ካርቶኑን እንዲመታ፣ ሰው እንዳይመታ። ወንድሜ ሊያይ ጠጋ ሲል አባባ ሳይዞሩ ግራ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ደረቱ ላይ አሳረፉ። አልገፉትም። «እዚያው ሁን» አሉት። እኔ ሄጄ ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ ያ እጅ ከደረቱ ላይ አልተነሳም።