የገዛ ሰርቨሬ ሌባ አደረገኝ

ዛሬ ጠዋት ራሴ የማስተዳድረው ሰርቨር አላስገባም አለኝ!

የምሠራው የኩላሊት እጥበት ታካሚዎችን የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ነው። ሾፌሮቹ የታካሚ አድራሻ የሚያዩበት፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ስለቆመ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ካለው ቤቴ ሎግኢን አድርጌ ላስነሳው ብል እምቢ አለ።

ሾፌራችን ጋሼ ተክላይ ከፓርክ ሂል ሰፈር ደወሉ። «ልጄ፣ የማነሳቸው እናት አድራሻ አይታየኝም። ሰዓታቸው እያለፈ ነው!»

«ትንሽ ይታገሱኝ ጋሼ!» አልኩ። ቁጭ ብድግ አልኩ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ነው።

ጨንቆኝ በስልኬ ኢንተርኔት ብሞክር ወዲያው ገባሁ! ለካ ሰርቨሩ ያገደው የቤቴን ኢንተርኔት ነው። ትናንት የሰርቨሩን ፓስወርድ ስቀይር ጓዳ ያለውን አሮጌ ላፕቶፔን ረሳሁት፤ እሱ የሰርቨሩን ፋይሎች ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) አደርጋለሁ ብሎ በድሮው ፓስወርድ ሲሞክር አድሯል። ሰርቨሩም ሌባ መጣ ብሎ ዘጋብን። (ጥበቃውን ያጠበቅኩት እኔው ነኝ!)

ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ደወሉ። «አገኘኋቸው። ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። እየሄድን ነው።»

ያን ጊዜ ነው ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት።

እናንተስ ሰው እየጠበቃችሁ ሲስተም እንዲህ ዘግቶባችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ፤ ልቤ እስካሁን አልረጋም።