እህቴን እንዴት እንዳወፈርናት

እህቴን ያወፈርናት እኛ ነን። ይህን የምለው፣ ሰው ሁሉ ወፍራም ልጅ ባየ ቁጥር «ሆዳም ናት» ብሎ ስለሚያልፍ ነው። ይህን ቃል ስሰማ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ልጅ ብቻዋን አትወፍርም። ወተቱን የሚያሞቅላት፣ ስኳሩን የሚጨምርላት፣ «ተቀመጪ፣ አትሩጪ» የሚላት ሰው አለ። በእኛ ቤት ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፤ እሷ ከወንበር ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ ነው፤ እኔም ባየኋት ቁጥር ድካም ይሰማኛል።

ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ፣ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ከቤታችን ጋር በተያያዘች ሱቅ ስኳር፣ ቴምር፣ ሩዝና ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ብስኩት ይሸጥ ነበር። እናቴ የጀልዴሳ ሰው ናት፤ ከግመልና ከፍየል ጋር ያደገች። እሷ ዘንድ የከሳ ነገር ሁሉ ሊሞት የተዘጋጀ ነው፣ ፍየልም ይሁን ሰው። ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ሞተውባታል፤ ሁለቱም ከሱ፣ ከሱና ሄዱ። ስለዚህ ታናሽ እህቴን በአምስት ዓመቷ ሳል ይዟት የጎን አጥንቷ መቆጠር ሲጀምር፣ እናቴ እህል መቅመስ አቆመች። እኔ ያኔ አስር ዓመቴ ነበር። እናቴ ስትፈራ መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ፍርሃቱም ከዚያ በኋላ ለቋት አያውቅም።

ከወንዙ ማዶ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ክሊኒክ የነበረው ፈረንጅ ሐኪም የእህቴን ደረት አዳምጦ መድኃኒት ሰጠ። በአስተርጓሚው በኩልም፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ስኳር ትብላ፤ ፀሐይ አይምታት፤ አትሩጥ አለ። ደህና ምክር ነበር። ልጅቷ ሁለት ወር ሳይሞላ ዳነች። እስከ መቼ እንደሆነ ግን እሱ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም፤ በዚያው ዓመት ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ ገባ። እንግዲህ «ይበቃል» የሚል ሰው አልነበረም። በሁለት ወር ያዳናት ምግብ ስምንት ዓመት ቀጠለ።

ጠዋት ስኳር የተጨመረበት ትኩስ ወተት፣ ከእሱ ጋር ማር የፈሰሰበት ፈጢራ። ረፋድ ላይ ከሱቅ አንድ እፍኝ ቴምር። ምሳ፣ ሩዙ እስኪያብረቀርቅ ቅቤ ይፈስበታል። አስር ሰዓት ላይ ሻይና በዘይት ተጠብሶ ስኳር የጠጣ ሙሸበክ፤ የሻዩ ስኳር ብርጭቆው ሥር ሳይሟሟ ይቀር ነበር፤ እሱንም በማንኪያ ትጨርሰዋለች። እኛ ሌሎቹ ይህን ሁሉ አንበላም። ለእሷ መድኃኒት ነው ተብሏላ።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሚዛን አለ። አባቴ ከጁምዓ ሲመለስ፣ የስኳር ጆንያ የሚመዝንበት ባስኩላ ላይ እህቴን ያቆማታል። ደንበኞች ከበው ያያሉ። ከጨመረች «ማሻአላህ» ይባላል፤ አባቴም ለሰፈሩ ልጆች ካራሜላ ያድላል፤ የመጀመሪያው እፍኝ የእሷ ነው። ካልጨመረች ካራሜላ የለም። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ስታበያት ሰነበትሽ?» ትላለች። ይህን ፈርቼ ሐሙስ ሐሙስ ውሃ ሳይቀር አጠጣት ነበር። ሆዷ ተወጥሮ «አባዮ፣ በቃኝ» ትለኛለች። አባዮ ማለት በእናታችን ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። «ነገ ዓርብ ነው፣ ጠጪ» እላታለሁ።

ከዚህ የባሰውን ልናገር። ሁሉንም ያደረግሁት በእናቴ ትእዛዝ አይደለም። እህቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሰፈሩ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ታያለች። ብድግ ማለት ያምራታል። ብድግ ካለች ፀሐይ ይመታታል፤ ፀሐይ ከመታት የምጠየቀው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ውሃ መቅዳት አለብኝ፣ ልብስ ማጠብ አለብኝ፣ የሱቁን ጆንያ ማራገፍ አለብኝ። ካራሜላ አፏ ውስጥ ስከትላት ሩብ ሰዓት ዝም ትላለች። ካለቀሰች ብስኩት። ከሰለቻት ቴምር። ልጅን ማጫወት ጊዜ ይወስዳል፣ ማብላት አይወስድም። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ ደክሞኝ ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት እንጂ ማስተባበያ ሆኖ አይቆጠርልኝ።

አስር፣ አስራ አንድ ዓመት ሲሆናት ከጓሮ እስከ ሱቅ ስትሄድ ታለከልክ ጀመር። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። ይህን ያየ ሌላ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። እናቴ ያለችው፣ «ያ በሽታ ተመልሶባታል» ነው። ያቺ የአምስት ዓመት የከሳች ልጅም ታለከልክ ነበርና። ስለዚህ ወተቱ ጨመረ። ጠዋት አንድ የነበረው ብርጭቆ ሁለት ሆነ፤ ማታ ቅቤ የተለወሰበት ገንፎ መጣ። በሰጠናት ቁጥር ይበልጥ ታለከልካለች፤ ባለከለከች ቁጥር ይበልጥ እንሰጣታለን። ወላሂ፣ ከመካከላችን ማንም ክፉ አልነበረም።

እህቴ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ስድስተኛን ስትጨርስ የመንገዱ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚያስነብበው እሷን ነበር። ሰባተኛ ክፍል ግን ከዚራ ነው፤ የደቻቱን ወንዝ መሻገር ይጠይቃል። ደቻቱ ዝናብ ከሌለ ሰፊ አሸዋ ነው፤ እግር ይውጣል፤ ከእኩለ ቀን በፊት ያቃጥላል። እናቴ፣ «ስድስተኛ ይበቃታል። እዚያ መሀል ትወድቅብኛለች» አለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እህቴ ሳህኗን ገፋች። በሕይወቷ ሳህን ስትገፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሰባተኛ መግባት እፈልጋለሁ» አለች።

«ጋሪ እንያዝላት» አለ አባቴ።

«ጋሪ አልፈልግም፣ አባ። ፈረሱ አሳዘነን እያሉ ነው የሚስቁብኝ። በእግሬ ነው የምሄደው።»

አባቴ አቀርቅሮ ሩዙን አየ። እናቴ ብዙ አሰበች፤ በመጨረሻ አንድ ሳምንት ትሞክር አለች። በሳምንቱ ካላለከለከች ትቀጥላለች፤ ካለከለከች ይቀራል። አይቶ የሚነግራት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ወጣን። አሸዋው መሀል አምስት ጊዜ ቆመች። በሁለተኛው ላይ ቁጭ አለች፤ እኔም ቀሚሴን ዘርግቼ ጥላ ሠራሁላት። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ስንደርስ ሻሿን ፈታ ፊቷን ጠረገች፣ ደብተሯን አስተካከለች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቃ ገባች። ከሰዓት በኋላ ልወስዳት ስሄድ ከሩቅ ትስቃለች። የሒሳብ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ አውጥቷት ነበር።

«አባዮ፣ ሆዮ ከጠየቀችሽ አላለከለከችም በያት» አለችኝ በመንገድ፤ እናታችንን ሆዮ ነው የምንላት። «ትንሽ ቀን ብቻ። እለምደዋለሁ፣ ወላሂ።»

ማታ እናቴ ጠየቀችኝ። «ምንም አልሆነችም» አልኩ። ማክሰኞም ዋሸሁ። ረቡዕም ዋሸሁ። ውሸት አልከበደኝም፤ የከበደኝ መንገዱ ነው። እሷ በቀን ሁለቴ ስትሻገር እኔ አራቴ ነው። ከሱብሒ ሶላት በፊት ተነስቼ ውሃ እቀዳለሁ፣ አደርሳታለሁ፣ ተመልሼ ምሳ እሠራለሁ፣ እንደገና ሄጄ አመጣታለሁ። በዚያ ላይ ሠርጌ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ያልተሰፋ ልብስ ተከምሮ ይጠብቀኛል።

ሐሙስ ከአስር ሰዓት በኋላ የእጮኛዬ እናት መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ሐልዋ ቀመሱ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሙሽራይቱ ምነው ከሳችብን? ጠቁራለችም» አሉ። በሳቅ ነው ያሉት። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሴትየዋ እንደወጡ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ጓሮ ተቀምጬ ነበር፤ ተረከዜ በአሸዋው ተሰነጣጥቋል። እናቴ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺም ልትከሺብኝ ነው?» አለች። ቀጥላም፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ልጅቷ ታለከልካለች?»

አንድ ቀን ነበር የቀረው። ዓርብ ብቻ። «አላለከለከችም» ማለት ከሌሎቹ ቀናት የተለየ ነገር አልነበረውም። ግን ነገ እንደገና መነሳቱ፣ እንደገና ያ አሸዋ፣ ዓርብ ካለፈ ደግሞ ሰኞ፣ ከዚያም እኔ እስክዳር ድረስ በየቀኑ፤ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

«ታለከልካለች» አልኩ። «ሰኞም አለክልካለች። አሸዋው መሀል ቁጭ ብላለች።»

እውነት ነው፤ አልዋሸሁም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አስቀረሁ። ሰኞ አምስት ጊዜ ያረፈችው ልጅ በዚያ ሐሙስ ያረፈችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ቁጭም አላለችም። ይህንን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ብትሰማው ምን ትል እንደነበር አላውቅም። እንድትሰማው አላደረግሁም።

እናቴ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሳይብስ ደረስንበት» ብላ ወተት ልታሞቅ ሄደች። ቀና ስል እህቴ የጓዳው በር ላይ ደብተሯን ይዛ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ በእኔ ትከሻ ተደግፋ ነው። ሳፋው ውስጥ ያለውን እግሬን ታያለች።

«ደክሞሽ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲህ ነገ ትተኛለሽ።»

ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ሽሙጥም ፈለግሁ። የለም። አዝናልኝ ነው የተናገረችው። እናቴ ብርጭቆውን ስታመጣላት ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

በማግስቱ ፀሐይ ግቢውን እስኪሞላው ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም።