በቀትር አቤት አይባልም

«ገደል ለማየት ነው አውሮፕላን የተሳፈርሽው?» አለችኝ ጎረቤታችን፣ የእናቴን ምስር እየለቀመች። «እኛ ጓሮ ብትወጭ በነፃ አልነበር!»

እናቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያለፈው ጥር ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ለጥምቀት አገሬ ገብቼ፣ ስማዳ ከእናቴ ቤት ደጃፍ ላይ ሦስታችን ተቀምጠናል። ጎረቤታችን ውሸቷን አይደለም። ከጓሯችን የባሕር ዛፍ አጥር አለፍ ሲሉ መሬቱ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ያልቃል። ከታች ቆላው፣ ከቆላው ማዶ ደግሞ ሌላ ደጋ ይታያል። ልጅ ሳለሁ ማሽላ ልጠብቅ ወደ ቆላው ስወርድ፣ እናቴ ከዚያ አፋፍ ላይ ቆማ ትጠራኝ ነበር። የቤት ስሜን ሲጀምር ዝቅ፣ ሲጨርስ ከፍ፣ ከዚያ ቁርጥ ታደርገዋለች። ዛሬ በቤት ስሜ የሚጠራኝ ከእሷ በቀር ማንም የለም። በምኖርበት አገር የሚታወቀው የወረቀት ስሜ ብቻ ነው።

የተያዘው ወሬ ስለ ሞሮኮ ነበር። የምሠራበት አገር ሰዎች እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እነሱ ዘንድ በጋ ነውና፣ ለእረፍት ወደ ሞሮኮ ይሄዳሉ፣ እኔም አብሬያቸው ሄጄ ነበር ብዬ ለጎረቤታችን ስነግራት አልዋጥ አላት።

«እኮ ለምን? ዘመድ አላቸው?»

«አገሩን ለማየት ነው፣ እትዬ። ጠዋት ከባሕሩ ዳርቻ ትነሽና ማታ ተራራ ሥር ታድሪያለሽ፤ በክረምት በረዶ የሚለብስ ተራራ ነው። በማግሥቱ ከተራራው ጀርባ አሸዋ ብቻ ይሆናል፣ እስከ ሰማይ ድረስ። መሀል ላይ የዝግባ ጫካ አለ፤ ጭራ የሌለው ዝንጀሮ ይዘልበታል።»

«ዝንጀሮማ እዚህም ማሽላችንን ጨረሰው። ሰዎቹስ?»

«ዐረቦች አሉ። ከዐረቦቹ በፊት የነበሩ የተራራ ሰዎችም አሉ፤ ሌላው በርበር ይላቸዋል፣ እነሱ ራሳቸውን አማዚግ ይላሉ። የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው ፊደል አላቸው።»

«እንደኛ?»

«እንደኛ።»

«ታዲያ በእስላም አገር ፍልሰታን እንዴት ጾምሽ?»

«ሽምብራና የወይራ ዘይት ሞልቷል። ጾሜንስ ጾሜያለሁ» አልኩ። ከዚህ በላይ ለመናገር አላሰብኩም ነበር። እናቴ ግን ከምስሩ ላይ ዓይኗን አንሥታ አየችኝ። የጎደለ ነገር እንዳለ ከድምፄ ታውቃለች። ስለዚህ ነገርኳቸው።

የምንከባከባቸው አሮጊት የዚያ ተራራ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ተድረው ባሕር ተሻግረዋል። የቀጠረችኝ ልጃቸው ናት። ከእሳቸው ጋር የምንግባባው ቤሩት ሠራተኛ ሳለሁ በለመድኩት ዐረብኛ ነው፤ የእሳቸው ዐረብኛ ከእኔው ጋር ግማሽ ያህል ቢገጥም ነው። ቀሪውን በእጅ እንጨርሰዋለን። እኔ «ኻልቲ» እላቸዋለሁ፣ አክስቴ ማለት ነው፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። አገጫቸው ላይ ንቅሳት አለ። እኛ ዘንድ የሴቶች አንገት ላይ እንዳለው ያለ ነው፤ መሀሉ መስቀል ይመስላል። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያንን አይቼ ነው ልቤ ያረፈው። ዓይናቸው ግን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም።

ልጃቸው ባለፈው ነሐሴ «እናቴን የተወለደችበትን ቤት ላሳያት፣ ከእንግዲህ ሌላ ጊዜ ላይኖራት ይችላል» ብላ ሦስታችን ሄድን። ገና ከመኪና ሳንወርድ ክንዴን ይዛ «ቤቱ ገደል ላይ ነው። እናቴ ታያለች ብለሽ እንዳትዘናጊ። ዓይኗ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሕልሜ ሳይቀር እጃቸውን እንደያዝኩ ነበር።

ስለ ባሕሩና ስለ አሸዋው የሚወራው ሁሉ እውነት ነው። እኔን ግን ያስፈራኝ ተራራው ነው። እዚህ ጎረቤታችን ያለውን ጋይንትን ያየሁ መሰለኝ። ድንጋይ በድንጋይ የተካበ እርከን፣ ክምር፣ አውድማ አየሁ። አውድማው ላይ የሚዞረው በሬ ሳይሆን በቅሎ ነው እንጂ፣ ገብሱ ያው ገብስ ነው። እኛን ሊቀበሉ የመጡ ሴቶች የተቆላ የገብስ ዱቄት በወይራ ዘይት አሽተው በሳህን ሰጡኝ። ቀመስኩት፤ በሶ ነው። «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። ሁሉም ነገር የእኛን ይመስላል፣ ግን አንድ ሰው አገራችንን አይቶ ሲገለብጠው የረሳው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ዓይኔ ሳላዘው ጉብታ ጉብታውን ይፈልጋል፤ በጉብታው አናት ላይ ዛፍ የከበበው ቤተ ክርስቲያን ይፈልጋል። ጉብታው አለ። አናቱ ራቁት ነው።

ቀትር ላይ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ይተኛል። ውሻ እንኳ አይጮህም። የጥላ ዘር የለም፤ ጥላ ሁሉ ከባለቤቱ እግር ሥር ይገባል።

እናቴ በልጅነቴ በየቀኑ የምትነግረኝ አንድ ነገር ነበር፦ በቀትር ስምሽን የሚጠራ ከሰማሽ፣ የጠራሽን በዓይንሽ ሳታይ አቤት አትበይ። ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራል። ያኛው ሁለት ጠርቶ ይተዋል። አቤት ካልሽው ግን ያገኝሻል። «ያኛው» ማን እንደሆነ በስም አትጠራውም። ሁላችንም እናውቃለን፤ የቀትሩ ነው።

ያን ቀን ልጃቸው መኪናዋን ይዛ ለመድኃኒት ከታች ወዳለው ከተማ ወርዳለች። አሮጊቷ ከቤቱ ፊት፣ ከወይራው ዛፍ ሥር ሰሌን ላይ ጋደም ብለዋል። እኔ ውዳሴ ማርያሜን አድርሼ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ «አሁን አገሬ ቅዳሴ ወጥቷል፤ እናቴ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው» እያልኩ ሰዓቱን ከሰዓታችን ጋር አስተያየሁ። ያንቀላፉ መሰለኝና ፊቴን ልታጠብ ወደ ውስጥ ገባሁ። ውሃው የሚቀዳበት ጋን ከበሩ ጀርባ ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ያን ጊዜ ነው የተጠራሁት። በቤት ስሜ።

ሲጀምር ዝቅ፣ ሲጨርስ ከፍ፣ ከዚያ ቁርጥ።

ውሃ የቀዳሁበት ቅል ከእጄ ወደቀ። ድምፁ ከመንደሩ አልመጣም፤ ከማዶ ካለው ደጋ ነው፣ ሸለቆውን ተሻግሮ። በዚያ አገር የቤት ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም። አማተብኩ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ፣ አቤት እንዳይወጣኝ።

ሁለተኛ ተጠራሁ። የበለጠ ቀርቦ፣ ትንሽ እንደማልቀስ ብሎ።

በሩን ተደግፌ ሦስተኛውን ጠበቅሁ፤ ምን ያህል እንደጠበቅሁ አላውቅም። ከዚያ ወደ ዛፉ አየሁ። ሰሌኑ ባዶ ነበር። አንድ ጫማቸው ብቻ ተገልብጦ ቀርቷል።

ሦስተኛውን ጠበቅሁ፤ ምን ያህል እንደጠበቅሁ አላውቅም። ያለው ሙቀቱ ብቻ ነው። ዝም ካልኩ ራሴን እጠብቃለሁ። አቤት ካልኩ የጠራኝ ያገኘኛል። ግን እሳቸው ቢሆኑስ? አንድ ቀን በእንቅልፌ ስሜን ስናገር ሰምተው፣ አሁን መንገድ ጠፍቶባቸው የሚጣሩ ቢሆኑስ? እናቴን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እመቤቴን ጠራሁ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ድምፄ «አቤት!» አልኩ። በአማርኛ፣ በዚያ ራቁት ተራራ ላይ።

ማዶው መለሰልኝ፤ አቤት፣ ቤት፣ ት።

በቤቱ ጥግ ዞሬ ስሮጥ አየኋቸው። ከመጨረሻው እርከን ጫፍ ላይ ቆመዋል፣ አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ድምፄን ሰምተው ነው የቆሙት። ወገባቸውን አቅፌ ወደ ኋላ ወደቅን፣ እሳቸው ላዬ ላይ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ፣ ፊቴን በእጃቸው እየዳበሱ።

«እኔ ነኝ፣ ኻልቲ። ወዴት እየሄዱ ነው? ማን ጠርቶዎት ነው?»

«እኔንማ አልጠራም» አሉ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «አንዲት ልጅ ነው የጠራው። እኔ እናቴ ያስተማረችኝን አልረሳሁም፤ በቀትር ሦስት ካልሞላ ከቦታሽ አትነሽ ብላኛለች። ቆጠርኩ። ሦስት ሞላ። ልጅቷ ግን ዝም። አሳዘነችኝ። እንዲህ እየተጠራች ማንም ካልሄደላት፣ እኔ ልሂድላት ብዬ ተነሣሁ።»

«ምን ብሎ ነበር የጠራት?»

አሮጊቷ ጥርስ አልባ አፋቸውን ከፈቱና የቤት ስሜን አሉት። ሲጀምር ዝቅ፣ ሲጨርስ ከፍ፣ ከዚያ ቁርጥ።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ጎረቤታችን ግን ጭኗን መታችና ሳቀች።

«ኧረ በማርያም! ይችው እናትሽ አይደለች እንዴ? በዚያው ፍልሰታ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ገና ውሃ ሳንቀምስ፣ እዚያ አፋፉ ላይ ቆማ ስምሽን ስትጣራ! እኔማ ፍየል የጠፋባት መስሎኝ። ‹ልጅሽ ባሕር ማዶ ናት፤ በስልክ ያልሰማችሽን በገደል ልትሰማሽ ነው?› ብዬ ስቄባት እጇን ይዤ ጎተትኳት።»

«ናፈቀችኛ» አለች እናቴ። «ከቅዳሴ ስመለስ አፋፉን ሳየው ናፈቀችኝ። ምን ይሁን?»

እኔ አቅፌ ልስማት ተነሣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእናቴ ድምፅ ከሆነ ምን ያስፈራል? እሷ ግን መዳፏን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«አሮጊቷ ስንት ሰማሁ አሉሽ?»

«ሦስት።»

እናቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረች። «አንች፣ እኔ ስንቴ ነው የጠራኋት?»

የጎረቤታችን ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። «ሁለቴ» አለች። «በሁለተኛው ላይ ነው የጎተትኩሽ። ከዚያ ወዲያ አልጠራሽም።»

ሦስታችንም ወደ ጓሮው አላየንም። እናቴ አማተበች፤ ምስሩን ሰብስባ ተነሣች።

የነፍስ አባቴም በስልክ ብዙ አላሉኝም። ማን እንደጠራኝ አልነገሩኝም፤ የምደግመውን ዳዊት ብቻ ነገሩኝ፤ እደግማለሁ።

ልጃቸው ለዘንድሮው ነሐሴም ትኬት ቆርጣለች። ባሕሩን፣ ጫካውን፣ አሸዋውን በስልኳ እያሳየች «አንቺስ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። እናቷ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አያዩም። መሄድ የሚፈልጉት አገራቸው ስለሆነ ብቻ ነው። እሄዳለሁ አልኳት፤ እሳቸውን ለሌላ ሰው እጅ አልሰጥም።

ከጥር ወዲህ ግን አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አሮጊቷ ከክፍላቸው «ልጄ» ሲሉኝ፣ ቀትርም ይሁን፣ ባላያቸውም፣ ሁለተኛውን አልጠብቅም። እናቴ ይህን ብታውቅ ትቆጣለች። እኔ ዝም ስል ግን የሚነሣልኝ ሰው እንዳለ አውቄያለሁ፤ ያውም ዓይኑ የማያይ። ስለዚህ በመጀመሪያው አቤት እላለሁ።