የከድር ጆሮ በጎባው ስብሰባ

እኔን ብሎ የሕግ ሰው! ለፊርማ አውራ ጣቴን ቀለም የምነክር ሴት፣ የሾፌር ሕግ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ስልኳን እያየች "አያቴ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች እረፍት በሕግ ይጠበቅ እያሉ ነው" ብትለኝ ሳቄ መጣ። በረንዳው ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ባሌን እያሳየኋት "ሂጂና የአያትሽን ግራ ጆሮ እዪው፤ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው" አልኳት።

ያኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው። ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበረኝ። ስንዴ የሚጭኑ ሾፌሮች ሁሉ ደንበኞቼ ናቸው፤ ባሌ ከድርም ከነሱ አንዱ። አጨዳ ሲደርስ፣ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ገለባው አየር ላይ ሲበተን፣ እነሱ እንቅልፍ የሚባል ነገር ይረሳሉ። አዲስ አበባ አራግፈው ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይጭናሉ። "ደከመኝ" ማለት በሾፌር ገበታ ነውር ነው። ደከመኝ ያለ ቁልፉን ለሌላ ያስረክባላ!

አንድ ቀን አዳባ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ከከድር ጋር ተሳፈርኩ። ዲንሾን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ነን፤ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ ተከድኗል። ምን ላድርግ? ጆሮውን ነከስኩታ! ወላሂ እስኪደማ። ባንኖ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ቆመ።

"ሃሊማ፣ ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ ጆሮውን በእጁ ይዞ። "የመኪናው ባለቤት ከሰማ ይነጥቀኛል።"

አልናገርም ብዬ ማልኩ።

በሳምንቱ ጎባ ስብሰባ ተጠራ። የሠራተኛ ሕግ ሊሻሻል ነው፣ የረጅም መንገድ ሾፌሮች ስለ ደህንነታቸው ይናገሩ ተባለ። እኔ የሄድኩት ምሳ ላቀርብ ነው፤ ሕጉን ምን አውቄ! ውጪ የከድር መኪና ስንዴ ጭኖ ቆሟል፤ ከምሳ በኋላ ሊነሳ ነው። ከድር ግን ሦስት ቀን ጎኑ ፍራሽ አልነካም።

ስብሰባውን የሚመራው የሕግ ባለሙያ "መሪ ላይ እንቅልፍ ያሸነፈው አለ?" ብሎ ጠየቀ። የመኪናው ባለቤት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማን ይተነፍሳል?

እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። "ጋሼ፣ እነሱን ትተው እኔን ይጠይቁኝ! ያ ረጅሙ ትናንት ሻዩን ውሃ መስሎት እጁ ላይ አፍስሶ ታጠበበት። ይሄ ደግሞ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ አንኮራፋ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከድር በዓይኑ ለመነኝ። መሐላዬ ትዝ አለኝ፤ ግን ያ ገደልም ትዝ አለኝ።

"የኔው ባል ዲንሾ ቁልቁለት ላይ ተኝቶ ሊገድለን ነበር። ከድር፣ ጆሮህን አሳያቸው!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ባለቤቱ ዞረ። "እውነት ነው? ለምን አልነገርከኝም?"

ከድር ቀስ ብሎ ተነሳ። "ብነግርዎት ቁልፉን ይወስዱብኛል።"

"እኔም ተኝቼ ነድቻለሁ" አለ ረጅሙ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው። ባለሙያው ይጽፋል፣ ይጽፋል። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ከድርን "ዛሬ አትነሳም፤ ሂድና ተኛ። ቁልፉ ያንተው ነው" አለው።

ቃሌ ሕጉ ውስጥ ይግባ አይግባ አላውቅም፤ አላነብ! ግን ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የቀላ ሾፌር ምግብ ቤቴ ሲመጣ ቁልፉን ተቀብዬ ሚስማር ላይ እሰቅል ነበር፤ ሳይተኛ ማን ሰጥቶት! አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ከድር ሸብቶ ፀሐይ ላይ ያንቀላፋል። ጆሮውን ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል።

ኩራቴን ያልወደደችው ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ዘይነባ ብቻ ነች። በስብሰባው ማግስት ገና በጠዋቱ በሬን ደብድባ እንዲህ አለችኝ፦

"አንቺ፣ ለባልሽ እንቅልፍ ጎባ ድረስ ሄደሽ ተሟገትሽ። ሲያንኮራፋ አድሮ ግድግዳዬን ሊያፈርሰው ነው፤ ለኔ እንቅልፍስ ማን ይሟገትልኝ?"