ዝምተኛ ነበረች

ዛሬ በቂርቆስ የድሮ ትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሳልፍ፣ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ሲያንቋርር ሰማሁ። አንዲት ልጅ ታነባለች። እግሬ ቆመ።

ያኔ እዚህ ስንማር እህቴ አስረኛ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። እሷ በእረፍት ሰዓት ጽሑፏን ስታነብ እኔ የሚኒ ሚዲያው በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። «በየኮሜዲው የቤት ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች ናት» አለች። «ገና አፏን ስትከፍት እንስቃለን። ለምን?» ከዚያ የሠራተኞቹን አነጋገር አስመስላ አነበበች። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እናታችን እንደዚያ ነው የምትናገረው። እኔም ሳቅሁ።

የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር ማይኩን ዘጉት።

«ሰው ደክሞት ነው የሚስቀው፣ ልጄ። አንቺ ስለ ንጽሕና ጻፊ።»

«ቲቸር፣ እናቴ ካዛንቺስ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እሷም ደክሟታል። እሷ በማን ትሳቅ?»

መምህሩ ወረቀቷን ወሰዱት።

ባለፈው ወር እህቴ በሕመም ሞተች። በቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳን ያነበቡት እኚሁ መምህር ናቸው። «ዝምተኛ፣ ታላላቆቿን አክባሪ ነበረች» አሉ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ዝምተኛ አልነበረችም። በቃ፣ አልነበረችም። ማይኩን የዘጉት እርሳቸው ናቸው። ይህን እዚያው መናገር ነበረብኝ። ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። ዝምተኛው እኔ ነኝ።

ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ልጅ አሁንም ታነባለች። ስለ እጅ መታጠብ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኋት፤ ማንም አላቋረጣትም።