አህያው መድከሙን በምን እናሳውቅ?

ቅዳሜ ጠዋት፣ መገናኛ

የእህቴ ልጅ አልማዝ ምሥራቅ ጀርመን ተምራ ስትመለስ፣ መሥሪያ ቤቷ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ትንሽ ኮምፒዩተር አዋሳት። ጨዋታ ሠራችበት፤ አህያ ቅጠል ጭኖ ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ተጫዋቹ በቁልፍ ይነዳዋል። ማታ የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር መጥቶ ይሞክረዋል። ከወደደው መሣሪያው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለወጣቱ ይቀመጣል፤ ግራ ከገባው ሰኞ ወደ መጋዘን ይመለሳል።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ምልክቶች ይንደፉልኝ» አለችኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የካርታ ነዳፊ ነኝ፤ ከደስታዬ የተነሳ ስክሪን ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ዛሬ የምንጓዘው ንድፌን ኮምፒዩተር አይቶ በማያውቅ ሰው ልንፈትን ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

አውቶቡሱ ውስጥ የወረቀት ጥቅሌ የአንድ ጨዋ ሰው ጆሮ ሲጎረጉር መጣ። ወርደን ቆሎ ገዛንና ዳገቱን ተያያዝነው። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች በሩጫ ይወርዳሉ፤ እኔ ከወረቀት ሌላ ሳልይዝ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

«ደከመዎት፣ ጋሼ?»

«የለም፤ መሬቱን እየመረመርኩ ነው።»

«በአፍንጫዎ?»

እንጦጦ፣ እኩለ ቀን

የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ድንቄ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ወረቀቱን መደቡ ላይ ዘረጋሁ። እሳቸው «ቀኝ፣ ግራ» ይላሉ፤ እኔ የወረቀት አህያውን በጣቴ እገፋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒዩተር ሆንኩ። የአህያው ጉልበት በአረንጓዴ መስመር ይታያል፤ ሲደክም መስመሩ ቀይ ይሆናል። በዚያ ቀይ እንዴት እኮራ እንደነበር።

ቀዩ መጣ። «ንዳው» አሉ እትዬ። አህያው ወደቀ።

«ቀዩን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። በርታ ያለው መስሎኝ። አብዮት በዓል ሲደርስ ከተማው ሁሉ ቀይ የሚለብሰው ደክሞት ነው እንዴ?»

ያነሳሁትን ድንች መለስኩ። ለካ ማታ ሊቀ መንበሩ ፊት ቀይን የውድቀት ምልክት አድርጌ ላቀርብ ነበር።

«ሰማያዊ ላድርገው?»

«ቀለሙን ተወው፣ አንተ ሰው። አህያው ራሱ አይናገርም?»

አልማዝ ሳቋ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ቅድም ዳገቱ ላይ እንደቆሙት ይቁሙ።» ቆምኩ። አንገቴን፣ ጉልበቴን ነደፈች። «ጆሮ ብቻ ጨምሬልዎታለሁ» አለች።

አዲሱን አህያ እንዳስቀመጥን እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አሳርፈው፤ ደክሞታል።» ከደስታዬ ስዘል ጣሪያው አናቴን መታኝ።

ማታ፣ ቤት

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም። አልማዝ እስኪመሽ አዲሱን አህያ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባች። ሊቀ መንበሩ ሲመጣ አንዲት ቃል ላናስረዳው ተማማልን፤ አፌን የዘጋሁት ጠዋት በገዛነው ቆሎ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አህያው አንገቱን ደፋ። ሊቀ መንበሩ ግንባሩን ቋጠረ፣ እኔም ትንፋሼን። ከዚያ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«ትንሽ ይተንፍስ» አለ።

ነዳፊ አፉን ዘግቶ ሥራው ሲናገር ማየትን የመሰለ ደስታ የለም፤ ለዚህ ትምህርት ዳገቱን በእንብርክኬም እወጣው ነበር። ሻዩ ቀዝቅዞ፣ አህያውም ሰፈር ደርሶ፣ ሊቀ መንበሩ በግድ ተነሳ።

«ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ አዘጋጃለሁ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ወጣቶቹ ሳይመጡ በፊት ግን፣ ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ብሞክረው ይከፋችኋል?»